አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ድምፅ

መኪናዬ ድምፅ የጀመረችው ከተሠራች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ችግሯ ሌላ ነበር። የፊት ሾክ አብዞርበሮቿ ዘይታቸውን አንጠባጥበው ጨርሰዋል። ፍሬን ስይዝ ወደፊት ትደፋለች። ጉድጓድ ካለፈች በኋላም መንጠሯን ቶሎ አትተውም። ግን ዝም ያለች መኪና ነበረች። ሁለቱንም ሾኮች አስቀየርኩ፣ ገንዘቤን ከፈልኩ፣ ድምፅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ኮሮላ ናት፣ የ2005 ሥሪት። ይህችን መኪና ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ዕቃውን ሶማሌ ተራ ገዛሁ፤ የገጠመው ደግሞ ለሰፈራችን ቅርብ የሆነ ጋራዥ ነው። ጠዋት አስገብቼ ማታ ወሰድኳት። አስፋልት ላይ አንጀት አርስ ሆና ነበር። ወደ ሰፈር ታጥፌ ኮብልስቶኑን ስይዝ ግን ከፊት በግራ በኩል ጀመረች። ኳ። ኳ ኳ። ኳ። ፍጥነት ስጨምር ይበዛል፤ ስቀንስ ይራራቃል እንጂ አይጠፋም።

ባለቤቴ መፍትሔ አላጣችም። «ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው» አለች። የምሯን ነው። ግማሹ የከተማችን ሹፌር በዚህ ዘዴ ነው የሚኖረው። እኔ ግን የመኪና ድምፅ አንዴ ከሰማሁ ሌላ ነገር መስማት አልችልም። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ቁም ነገር ሲያወራኝ እኔ ጎማዋን ነው የማዳምጠው።

## ሁሉም የሚቀየር ነገር ያውቃል

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ግማሽ መካኒክ ነው። ጎረቤቴ ገና ሳልጨርስለት «ኮፒ ሸጠውልሃል» አለ። ታክሲ የሚነዳ ዘመዴ «ቦል ጆይንት ነው፣ አትልፋ» አለኝ፤ ጎማውን ከታች ከሚይዘው ክንድ ጋር የሚያገናኘውን ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ማለቱ ነው። ቢሮ ደግሞ አንዱ መሪው ራሱ ሳይበላሽ አይቀርም ብሎ ምሳዬን አስጠላኝ።

የጎረቤቴ ጥርጣሬ መሠረት የለውም አልልም። ገበያው ውስጥ ኦርጅናል በሚመስል ካርቶን የታሸገ ሌላ ነገር ሞልቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔም ካርቶኑን ከኋላ ከዕቃ መጫኛው አውጥቼ የዕቃ ቁጥሩን እንደገና አመሳከርኩ። ግን እያመሳከርኩ አንድ ነገር ገረመኝ። ጥርጣሬያችን ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ዕቃው ነው። ዕቃውን የገጠመውን እጅ ማንም ቀድሞ አይጠረጥርም። ሻጩ ሌባ ሊሆን ይችላል፤ የገጠመው ሰው ግን ባለሙያ ነው።

ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። መጀመሪያ የሰጡኝ መልስ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲላመድ ይተዋል» የሚል ነበር። ይህን መልስ ስንት ሰው ተቀብሎ ወደ ቤቱ እንደሄደ እንጃ። ብረት ከብረት ሲጋጭ አይላመድም። የላላ ነገር በተመታ ቁጥር ክፍተቱን እያሰፋ ነው የሚሄደው።

አልወጣም ስል ክሪክ አምጥተው አነሷት። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ነቀነቁት፣ ላይና ታች ነቀነቁት፣ ተመካከሩ። ከዚያ ዝርዝር መጣ። የሾኩ የላይኛው ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ትራሱ። ቦል ጆይንት። ካልሆነም ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ፣ ኮንትሮል አርሙ፣ ከነጎሚኒው በሙሉ።

«እሱ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» አልኩ።

«ብዙ ጊዜ እሱ ነው» አለኝ አለቃቸው።

ውሸቱን አይደለም። በእኛ መንገድ ላይ የኮንትሮል አርም ጎሚኒ ቶሎ ያልቃል። ግን «ብዙ ጊዜ» የሚለው የሚነግረኝ ስለ ሌላ ሰው መኪና ነው። የኔዋ ትናንት ዝም ብላ ነው ወደ ጋራዡ የገባችው። በአንድ ቀን ኮንትሮል አርሟ እንዴት አለቀ? በትናንትና በዛሬ መካከል የሆነው ነገር አንድ ብቻ ነው። እናንተ ነክታችኋታል። ይህን ግን አልተናገርኩም። «አስቤበት እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

## «የት አላልኩህም»

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቄራ አካባቢ ወዳለ ሽማግሌ መካኒክ ላከኝ። ግቢያቸው ጠባብ ነው። ሲሚንቶዋ በዘይት የጠቆረ አንዲት ፎሳ አለች፤ ተራ የሚጠብቅ መኪና በር ላይ ይቆማል። ልጆቹ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። እኔም እንደነሱ አልኩ።

ኮፈኑን ልከፍት ስል «ተወው» አሉኝ። «መቼ ነው የሚጮኸው?»

«ከፊት በግራ በኩል ነው ጋሼ።»

«የት አላልኩህም። መቼ ነው ያልኩህ።»

ዝም አልኩ። እስከዚያ ድረስ ያነጋገርኩት ሰው በሙሉ የጠየቀኝ የት ነው ብሎ ነው። እኔም ለሁሉም በግራ፣ በግራ እያልኩ ነው የከረምኩት። ድምፅ ግን በብረት ውስጥ ይሄዳል። የመኪና አካል አንድ ላይ የተበየደ ቆርቆሮ ነው። በቀኝ በኩል የተመታ ነገር ግራ እግርህ ሥር ሊሰማህ ይችላል። የድምፁን ቦታ ጆሮ ይሳሳተዋል። ጊዜውን ግን ሹፌሩ ልቅም አድርጎ ያውቃል፣ የሚጠይቀው ካገኘ።

ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። አስፋልት ላይ ይላል? አይልም። ስትታጠፍ ነዳጅ ስትሰጣት ቀጭ ቀጭ ይላል? አይልም። ቢል ኖሮ የሚጠረጠረው ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ነበር። ፍጥነት ስትጨምር አብሮ የሚጨምር እምምም የሚል ወጥ ድምፅ አለ? የለም። እንግዲያው የጎማው ኩሽኔታ ይቅር አሉ። ቆመህ መሪ ስታዞርስ? እሱን አላስተዋልኩም አልኳቸው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኚህ ሰው መፍቻ ሳያነሱ የዝርዝሩን ግማሽ ሰርዘውልኛል።

ከዚያ ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። መስኮቱን እስከ ታች አወረዱ። «ወደ ኮብልስቶኑ ንዳ።»

ድምፁ እንደጀመረ «ፍሬኑን በስሱ ያዝ፣ እንዳታቆም» አሉኝ። ያዝኩ። ኳኳታው ቀጠለ። «ሸራ አይደለም» አሉ። ይህችን ዘዴ ማንም ሰው ጭር ያለ መንገድ ላይ ሊሞክራት ይችላል። የፍሬን ሸራ መያዣው ውስጥ ልል ከሆነ ኮረኮንች ላይ ይንቀጫቀጫል። ፍሬኑ በትንሹ ሲያዝ ሸራው ዲስኩን ይጨብጥና ድምፁ ቀጥ ይላል። ካላለ ሌላ ቦታ ፈልግ ማለት ነው።

ቀጥሎ ስፒድ ብሬከር አገኘን። «ቀጥ ብለህ ሁለቱንም ጎማ እኩል አውጣ።» ወጣሁ፣ ወረድኩ። ጸጥ። ጠጠር በሚያህል ድንጋይ ላይ ስትጮህ የመጣች መኪና ያን የሚያህል ጉብታ ላይ ትንፍሽ አላለችም። ዞር ብዬ ጋሼን አየኋቸው። እሳቸው መንገዱን ነው የሚያዩት።

«አሁን ዙርና ተመለስ። በግራ ጎማ ብቻ ውጣ።» የጉብታው ዳር ላይ ለጎርፍ መሄጃ የተተወ ክፍተት አለ። የቀኙን ጎማ በዚያ አሳልፌ የግራውን ብቻ አወጣሁት። ኳ።

«በቃ፣ እንመለስ» አሉ ጋሼ፣ መስኮቱን እየዘጉ።

## ሁለት ጎማ፣ አንድ ዘንግ

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፊት፣ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ የብረት ዘንግ አለ፤ ስታቢላይዘር የሚባለው። መኪና ስትታጠፍ ወደ ጎን እንዳትጋደም የሚይዛት እሱ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በስታቢላይዘር ሊንክ ከግራና ከቀኝ ሾክ ጋር ይታሰራሉ። ሁለት ሰዎች በአንድ አጣና ሸክም አንጠልጥለው ሲሄዱ አስቡ። ሁለቱም እኩል ጉብታ ሲወጡ አጣናው ቀጥ እንዳለ ከፍ ይላል። አንዱ ብቻ ሲወጣ ነው ሸክሙ የሚንሸራተተውና ጫፉ ትከሻ የሚቆረቁረው። ዘንጉም ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲወጡ አብሮ ይወጣል፤ አይጠመዘዝም፣ ሊንኩንም አያስጨንቀውም። አንዱ ጎማ ብቻ ሲወጣ ግን ይጠመዘዛል፤ ሊንኩን ይገፋዋል፣ ይስበዋል። ሊንኩ ላይ ክፍተት ካለ ያኔ ይጮኻል። ኮብልስቶን ደግሞ ሥራው ይሄ ነው፤ አንዱን ጎማ ሲያነሳ ሌላውን ያወርዳል።

ሾኩ ራሱ ቢበላሽ ወይም የአናቱ ዳዶ ቢላላ ኖሮ፣ በስፒድ ብሬከሩም ላይ መጮህ ነበረበት። ስለዚህ የሶማሌ ተራው ሻጭ ነፃ ወጣ።

የሾክ ቅየራ ከሊንኩ ጋር ምን አገናኘው? ሊንኩ የሚታሰረው ሾኩ ላይ ነው። ሾኩ እንዲወጣ የግድ ይፈታል።

ግቢ ስንደርስ ልጁ ክሪክ ይዞ መጣ። ጋሼ መለሱት። መኪናዋ ፎሳዋ ላይ በአራቱም ጎማዋ ቆመች። አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ ካነሳህ ዘንጉ ይጠመዘዝና ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል። የላላው የጠበቀ ይመስላል። የመጀመሪያው ጋራዥ ጎማውን አንጠልጥሎ ሲነቀንቅ ምንም ያላገኘው ለዚህ ይመስለኛል። ሁለቱም ጎማ መሬት ሲረግጥ ግን ሊንኩ ነፃ ነው፤ በእጅ ይነቀነቃል።

«ና ውረድ» አሉኝ። ጣቴን ሊንኩ ከሾኩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አስቀመጡልኝ። ልጁ ከላይ ፓራፋንጎውን ይዞ ወዘወዛት። ድምፁን ከመስማቴ በፊት ጣቴ አወቀው። ከአንድ ሚሊ ሜትር የማትበልጥ እንቅስቃሴ ናት። ያን ሁሉ ቀን ያሰቃየችኝ እሷ ናት።

ዳዶውን በባትሪ አየነው። ጠርዙ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አለ፤ በቅርቡ ተነክቷል። የቡሎኑ ጫፍ መሃል ላይ ደግሞ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። እሱ ግን በደረቀ ጭቃ ጢም ብሏል። ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ ጭቃውን እየቆረቆሩ አወጡት። «እዚህ ውስጥ ቁልፍ ገብቶ አያውቅም» አሉ። ያ ቡሎን ሌላኛው ጫፉ ኳስ ነው፤ ስለዚህ ዳዶው ሲዞር አብሮት ይዞራል። በቀዳዳው ቁልፍ አስገብተህ ካልያዝከው ዳዶው የጠበቀ እየመሰለ ባለበት ይሽከረከራል። በአየር የሚሠራው መፍቻ ትርርር ሲል ደግሞ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ጋሼ ቡሎኑን በአንድ እጅ ያዙ፣ ዳዶውን በሌላው አዞሩ። ዞረ፣ አሁንም ዞረ፣ ከዚያ እምቢ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የመኪናዋ የጥገና መመሪያ ለእያንዳንዱ ዳዶ የጥብቀት ቁጥር ይሰጣል። የጎማዋ ዳዶ ለምሳሌ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚለካ መፍቻ አለ። እኔ በሄድኩባቸው ጋራዦች ግን ሲነሳ አላየሁም። ጋሼም በክንዳቸው ነው የሚለኩት። ይህን ሳልወድላቸው ቀረሁ፤ ቢያንስ ግን ቡሎኑን ይይዛሉ።

## የተሸፈነው ድምፅ

እንደገና ወደ ኮብልስቶኑ ወጣን። ኳኳታው የለም። ደስታዬ የቆየው ግን እስከ ግቢው በር ድረስ ነው። መኪናዋን ለማስገባት ቆሜ መሪ ሳዞር ከፊት «ድንግ» አለ።

ይህ ቀድሞም ነበረ። ትልቁ ድምፅ ሸፍኖት ነው። ጋሼ ሲጠይቁኝ አላስተዋልኩም ያልኩት እሱን ነው። እጃቸውን በጎማው በላይ አሾልከው ሞላው ላይ አሳረፉና «ቀስ ብለህ አዙር» አሉኝ። «ቁም። እዚህ ጋ ይዘላል።» ሞላው ከጎማው ጋር እኩል መዞር ሲገባው ወደኋላ ይቀራል፣ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ በድንገት ይለቃል።

ሾክና ሞላን አንድ ላይ ያደረገው የዚህ አሠራር አባት ማክፈርሰን ነው። ኧርል ማክፈርሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለጄኔራል ሞተርስ ርካሽ ትንሽ መኪና ሲነድፍ ይህን አሠራር አሰበ። መኪናዋ ሳትመረት ቀረች፤ እሱም ወደ ፎርድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1950 እንግሊዝ አገር የወጡት ፎርድ ኮንሰልና ፎርድ ዜፊር አሠራሩን ይዘው መጡ። ብልሃቱ ሁሉንም ሥራ አንድ ምሰሶ ላይ መጫን ነው። ምሰሶው ክብደት ይሸከማል፣ ንጥረት ያበርዳል፣ መሪ ሲዞር ደግሞ ራሱ ከጎማው ጋር ይዞራል። እንዲዞር አናቱ ላይ ኩሽኔታ አለው። ርካሽ ነው፣ ቦታ አይፈጅም። ኮሮላዬም በእሱ ነው የምትሄደው። መዘዙ ግን አንዱን ለመቀየር ሁሉንም መንካት ግድ መሆኑ ነው።

የኔ ሾኮች ሲቀየሩ የአናታቸው ጎሚኒና ኩሽኔታ አልተቀየረም። አሮጌው ነው አዲሱ ሾክ ላይ የተመለሰው። ማንም አልነገረኝም። ከሾኩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም የማይባል ዕቃ ነው፤ ቢነግሩኝ እዚያው እገዛው ነበር።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጋራዥ ዝርዝር ውስጥ የላይኛው ጎሚኒ ነበረበት። ለኳኳታው ብለው እሱን ከነኩሽኔታው ቀይረውት ቢሆን ድንግታው ይጠፋ ነበር፤ ኳኳታው ግን ይቀጥላል። እኔም «ተቀይሮ ምንም ለውጥ የለም» ብዬ ቦል ጆይንት እገዛለሁ። ከዚያ ኮንትሮል አርም። የሚያስፈልገውን ዕቃ ገዝተንም በከንቱ ወጪ እንመዘግበዋለን፣ ሁለቱን ድምፅ ስላልለየናቸው ብቻ።

ኩሽኔታውን ከነጎሚኒው ገዝቼ ሌላ ቀን ተመለስኩ። ሞላ መፍታት ቀልድ አይደለም። ሾኩ ላይ ታምቆ ነው የሚቀመጠው፤ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል። ጋሼ መጭመቂያ መሣሪያ አላቸው። በሽቦ አስረው የሚፈቱ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ከሚሠራበት ቦታ መራቅ ነው። ሲገጥሙ የሞላውን ጫፍ የታችኛው መቀመጫው ላይ ካለችው እርከን ጋር አገናኙት። እዚያ ካልተቀመጠ እሱም ለብቻው ድምፅ ያመጣል። ሾኩን ከታች የሚይዙት ቡሎኖች ስለተነኩ አላይመንቱም፣ ማለትም የጎማዎቹ አቀማመጥ ልክ፣ እንደገና ተሠራ።

እየሠሩ ስለዚያ ኮንትሮል አርም አነሳሁባቸው። «ቢቀየር ምን ነበረበት?» አልኳቸው። «አንጠልጥለው ያጠብቁልህ ነበራ!» አሉኝ። የኮንትሮል አርም ጎሚኒ ውስጡ ካለው የብረት ቱቦ ጋር የተጣበቀ ጎማ ነው። የመጨረሻው ማጥበቂያ መኪናዋ በራሷ ክብደት ቆማ መሆን አለበት። ጎማዋ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናዋ ስትወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። በቆመችበትም አያርፍም። ሲጢጥ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ደግሞ «ኮፒ ነው የሸጡልህ» ይባላል።

## ለፍለጋ ስንት?

ሊንኩ የተገኘ ዕለት «ስንት ልክፈል ጋሼ?» ብዬ ነበር።

«ምን ሠራሁና? አንድ ዳዶ አጠበቅኩ» አሉኝና ለልጁ የሻይ የሚሆን ጠየቁኝ።

እስካሁን የሚከነክነኝ ይህ ነው። የጋራዥ ሒሳብ ሁለት መስመር አለው። ዕቃና የእጅ ዋጋ። ሰዓት ፈጅቶ ጠይቆ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ አዳምጦ፣ ዳዶ የላላበትን ያገኘ ሰው የሚጻፍለት መስመር የለም። ኮንትሮል አርም የቀየረው ግን ይከፈለዋል፤ ድምፁ ባይጠፋም ይከፈለዋል፣ ዕቃው በዓይን ይታያላ። እኛ ደንበኞቹ ነን ይህን ያመጣነው። አሮጌውን ዕቃ በላስቲክ ካልሰጡን ተሠራ ብለን አናምንም። መካኒክ ደግሞ ልጆች አሉት፤ ወደሚከፈልበት ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ጋራዥ ላይ የነበረኝ ንዴት የበረደው ይህን ሳስብ ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አልበረደም። ያንን ቡሎን መያዝ ይችሉ ነበር።

ለጋሼ ለኮንትሮል አርሙ ቅየራ የተጠየቅኩትን የእጅ ዋጋ ሰጠኋቸው። ቆጥረው ግማሹን መለሱልኝ። «ለዳዶ ይህን ያህል ወሰደ ከተባለ ሰው ይሸሸኛል» አሉ። ለዳዶው አይደለም፣ ለፈለጉበት ነው አልኳቸው። «እሱን አንተ ታውቃለህ፣ ሰፈሩ አያውቅም» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ግን አልተስማማሁም፤ እስካሁንም እንከራከራለን።

ሰሞኑን ከኋላ በኩል ሌላ ድምፅ ጀምራለች። ጋሼ ወደ አገር ቤት ሄደዋል፣ ለዘመድ ሠርግ። እኔም ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «ችግሩን ፈልጎ ለማግኘት ብቻ ስንት ትጠይቃላችሁ?» ብዬ ነው። አንዱ ሳቀ። ሌላው «ፍለጋ ነፃ ነው ወንድሜ፣ አስገባት» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ሳሪስ ያገኘሁት አንድ ወጣት ግን ትንሽ አሰበና ዋጋ ጠራ። ካላገኘሁት ግማሹን ትከፍላለህ አለኝ። ቁልፉን ሰጠሁት።